የሬምብራንትን ቤት አይተን መጣን (አልጋው ግን የሱ አይደለም)

ወይናደጋ · ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቀኝ መጥቶ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። እኔ ያለሁት ሮተርዳም ነው። የንፋስ ወፍጮ አሳየሁት፣ ባሕር አሳየሁት፣ አይብ አቀመስኩት (ፊቱን አጨማደደ)። እሱን የሳበው ግን የሰው ቤት ነው። አርባ ዓመት በአናጺነት የኖረ ሰው ነው። እዚህ አገር ሰዉ መጋረጃ አይዘጋም፤ አባቴ ደግሞ ሳሎን ፊት ለፊት ቆሞ የጣሪያ ወራጅ ይቆጥራል። ሁለት ጊዜ ባለቤቶቹ ከውስጥ እጃቸውን አውለበለቡልን። በሃፍረት ልሞት!

ስለዚህ ቆመን ብናፈጥ ማንም የማይቀየመን ቤት ፈለግኩ። አምስተርዳም ያለው የሬምብራንት ቤት ትዝ አለኝ። ሠዓሊው ከ1639 እስከ 1658 የኖረበትና የሠራበት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቤቱ የተሠራው በ1606 ገደማ ነው፤ ሬምብራንት የተወለደውም በዚያው ዓመት። ሲገዛው ገና 33 ዓመት አልሞላውም፤ ዋጋው 13,000 ጊልደር። ያን ጊዜ ስሙ ገኖ ነበርና እከፍላለሁ ብሎ ገባበት። ከፍሎ አልጨረሰም።

ከበሩ እንደገባን የእንግዳ መቀበያው ላይ ቆምን። የምድጃው ዙሪያና የበሩ መቃን ደም ሥር ያለው እብነ በረድ ይመስላል። አባቴ ጠጋ አለና በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። "እንጨት ነው" አለ። ጠባቂዋ ሮጣ መጣች፤ "እባክዎ አይንኩ" አለች። ተረጎምኩለት። "እሺ፣ ግን እንጨት መሆኑን ታውቃለች ወይ ጠይቂያት" አለኝ። ጠየቅኳት። ሳቀች። እንጨት ነው፤ እብነ በረድ አስመስለው የቀቡት ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቤቱ የአባቴ ሆነ።

ሬምብራንት ሥዕል የሚሸጠው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነበር፣ የራሱንም የሌሎችንም። ገዢው ወይን እየጠጣ ግድግዳውን ያያል። ምድር ቤት ኩሽናው አለ። አልጋዎቹ ግድግዳ ውስጥ የተሠሩ ቁም ሳጥን መሳይ ናቸው፤ በር ዘግተው ይተኙባቸው ነበር፣ ለሙቀት። ቁመታቸው አጭር ነው። አባቴ አልጋውን በዓይኑ ለክቶ "እኔ እዚህ ውስጥ እግሬን የት ላደርገው ነው?" አለ።

ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚያዩ ትልልቅ መስኮቶች አሉት። እዚያ አንዲት ልጅ ቀለም እየሠራች ታሳያለች። ባለቀለም አፈር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ ዘይት ጠብ እያደረገች በሌላ ድንጋይ ትፈጫለች። ወፍጮና መጅ በሉት። "ዘይቱ ምንድን ነው?" አለኝ አባቴ። የተልባ ዘይት! ተልባ ሲባል ፊቱ በራ። "እኛ ለሆድ፣ እነሱ ለግድግዳ" አለ። ያን ጊዜ የቀለም ቱቦ የለምና የተፈጨውን በአሳማ ፊኛ ቋጥረው ነበር የሚያስቀምጡት። ይሄንን ግን አልተረጎምኩለትም፤ ጾም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጨረሻ ላይ ልጅቷን "ይሄ ወንበር የሱ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። አይደለም። አልጋውስ? አይደለም። ዕቃዎቹ የዘመኑ ናቸው፣ የሱ አይደሉም። ታዲያ ምን የት እንደነበረ እንዴት አወቁ? መልሱ ነው ይሄን ክር ያስከፈተኝ። በ1656 ሬምብራንት ከሰረ። አበዳሪዎች መጡበት። ጸሐፊዎች ቤቱ ገብተው ከበሩ ጀምረው ክፍል በክፍል ያለውን ሁሉ መዘገቡ፦ ሥዕል፣ ትራስ፣ ወንበር፣ ዛጎል፣ የሮማ ነገሥታት የራስና የደረት ሐውልቶች፣ የጦር መሣሪያ። 363 መስመር። ንብረቱ በሐራጅ ተሸጠ፣ በ1658 ቤቱም ሄደ፣ እሱ ሮዘንግራኽት ወደሚባል ጎዳና ተከራይቶ ገባ። 1669 ላይ እዚያው ሞተ። ሙዚየሙ በ1911 ሲከፈት ብዙም የሚታይ ዕቃ አልነበረበትም። በ1999 ነው ያንን የኪሳራ ዝርዝር ይዘው ቤቱን ክፍል በክፍል መልሰው ያደራጁት።

አባቴ ይሄን ሲሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና (ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ጉልበት ለሚያማችሁ እወቁት) "ባይከስር ኖሮ ምኑን ያውቁት ነበር?" አለ።

እናንተስ የሠዓሊ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ።

ሽሮ_ፈሰስ · ቅዳሜ ማታ

እህቴ፣ አጻጻፍሽ ደስ ይላል፤ አባትሽ ደግሞ ከሬምብራንት በላይ ተመችተውኛል። ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሚኝ። አልጋው የሱ ካልሆነ፣ ወንበሩ የሱ ካልሆነ፣ እብነ በረዱ እንጨት ከሆነ ምኑን ነው ያያችሁት? እኔም ሰው ቤት የሚመስል ነገር ሠርቼ "ንጉሡ እዚህ ተቀምጠው ነበር" ብዬ ማስከፈል እችላለሁ። ይሄ እኮ የቲያትር መድረክ ነው።

ወይናደጋ · ቅዳሜ ማታ

@ሽሮ_ፈሰስ አልቀየምም። እኔም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ግን ሁለት ነገር ረሳሁ። አንደኛ፣ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ብርሃኑ የገባበት አቅጣጫ እዚያው ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት የሸክላ ድስቶች አሉ። ከቤቱ ኋላ ካለው የሽንት ቤት ጉድጓድ በ1990ዎቹ በቁፋሮ የወጡ ናቸው። ሠዓሊ ሸራ ላይ ሥዕል ሳይጀምር መጀመሪያ የሚቀባው መደብ ደርቆባቸዋል። የማብሰያ ድስት ወስዶ ለሥራው አዋለው፣ ሲበላሽበት ጉድጓድ ከተተው። የሱ ናቸው ብለው በልበ ሙሉነት የሚያሳዩት እነዚህን ነው። አባቴ "ሚስትየው ስትፈልገው ኖራ ይሆናል" አለ።

ዲሲ_ዳገት · ቅዳሜ ማታ

እኔ የሄድኩበት የተገላቢጦሹ ነው። ለሥራ ሜክሲኮ ሲቲ ሄጄ ኮዮአካን ሰፈር የሠዓሊዋን የፍሪዳ ካሎን ሰማያዊ ቤት አየሁ። በ1907 የተወለደችውም በ1954 የሞተችውም እዚያ ነው፤ ከ1958 ጀምሮ ሙዚየም ነው። እዚያ ዕቃው የራሷ ነው። አልጋዋ፣ ተኝታ ራሷን እያየች እንድትስል ከላይ የተሰቀለው መስተዋት፣ ክራንቿ፣ ወገቧን ደግፎ የሚይዛት ኮርሴት። ባሏ ዲዬጎ ሪቬራ አንድ መታጠቢያ ክፍል ሞልቶ አሽጎት ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላም ተዘግቶ ቆይቶ በ2004 ነው የተከፈተው። ልብሶቿ፣ ደብዳቤዎቿ፣ መድኃኒቶቿ ከውስጥ ወጡ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ኮርሴቱ ፊት ስቆም መቆየት አልቻልኩም። የታመመ ሰው ጓዳ ሳይፈቀድልኝ የገባሁ መሰለኝ። ለእኔ የሰው ወንበር ይሻለኛል @ሽሮ_ፈሰስ። ሁሉም "የራሱ" የሆነበት ቤት አንዳንዴ ይከብዳል።

ብሩሽና_ሻይ · እሑድ ጠዋት

ወይናደጋ፣ ምነው ፎቁ ላይ ያለውን የኤቺንግ ሥራ ዘለልሽው? ለእኔ የዚያ ቤት ነፍስ እሱ ነው። ላላየ ሰው፦ የመዳብ ሰሌዳ ወስደህ በሰም ትሸፍነዋለህ። በመርፌ ሰሙን እየጫርክ ትስላለህ። አሲድ ውስጥ ስትነክረው አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ሰሙን አንስተህ ቀለም ታስገባበትና እርጥብ ወረቀት ደርበህ በማተሚያ ትጫነዋለህ። ሬምብራንት ወደ 290 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሥራዎች አሉት፤ ሙዚየሙ አብዛኞቹን ይዟል። ብርሃን ወረቀት ስለሚጎዳ እያፈራረቁ ነው የሚያሳዩት።

የሰሜን መስኮቱም በዘፈቀደ አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባበት ጥላው ቶሎ ቶሎ ቦታ አይቀይርም። ጠዋት የጀመርከውን ፊት ከሰዓትም ያንኑ ፊት ታገኘዋለህ። እኛ ትምህርት ቤት ሳለን መስኮት አጠገብ ለመቀመጥ በሌሊት ነበር የምንነሳው።

አሁን የሚገርምሽን ልንገርሽ። በ1641፣ ማለትም ያንን ቤት ከገዛ በሁለት ዓመቱ፣ አንድ ኤቺንግ ሠርቷል። ርዕሱ የጃንደረባው ጥምቀት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8! የኢትዮጵያዊቷ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ፣ ፊልጶስ ያጠመቀው። ውኃው ዳር ተንበርክኮ፣ ከጎን ፈረሰኛ ቆሞ። አንቺና አባትሽ ኢትዮጵያዊ በተሣለበት ቤት ነው ስትዞሩ የዋላችሁት።

ሽሮ_ፈሰስ · እሑድ ጠዋት

ሰሙን ጭሮ ወርቁን አወጣ በለን እንጂ 😄

ብሩሽና_ሻይ · እሑድ ጠዋት

@ሽሮ_ፈሰስ አውቄ ነበር የዘለልኳት። ይቺን ቀልድ ያላለ መምህር አልገጠመኝም።

ወይናደጋ · እሑድ ከሰዓት

ምን??? ማንም አልነገረን! እኛ ስንሄድ ግድግዳው ላይ የነበሩት ለማኞችና የራሱ ፊት ናቸው፤ አፉን ከፍቶ፣ ተኮሳትሮ፣ በመስተዋት ራሱን እያየ የሠራቸው። አሁኑኑ ለአባቴ በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየውና "ባኮስ ነው" አለ። እኛ ዘንድ የጃንደረባው ስም ባኮስ ነው አይደል የሚባለው። ከዚያ "ይሄ ሰውዬ ሐበሻ የት አይቶ ነው የሣለው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ብሩሽና_ሻይ · እሑድ ከሰዓት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐበሻ አየ ማለት አልችልም። አፍሪካውያንን ግን አይቷል፣ ያውም በሰፈሩ። በዚያ ዘመን እዚያው መንገድ አካባቢ ነፃ የሆኑ ጥቁር ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ መርከበኞች፣ አገልጋዮች፣ ባለትዳሮች። ይሄ ሙዚየም ራሱ በ2020 በዚሁ ጉዳይ ላይ ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቷል። ዘ ሄግ ያለውን ማውሪትስሃውስ ብትሄዱ 1661 የሚል ዓመት የተጻፈበት የሁለት አፍሪካውያን ሥዕል አለው። ያንን ስታይው ከምናቡ እንዳልሣለው ይገባሻል።

ጃንደረባውን ደግሞ የጀመረው ገና ልጅ እያለ ነው። በ1626፣ በ20 ዓመቱ ገደማ፣ በዘይት ቀለም ሠርቶታል። መምህሩ ፒተር ላስትማንም ይሄንኑ ታሪክ ደጋግሞ ሥሎታል፤ ከሱ ነው የተማረው። የሬምብራንት ሥዕል ያለው ዩትሬክት፣ ካታሪነኮንፈንት ሙዚየም ነው። ከሮተርዳም በባቡር ቅርብ ነው። አባትሽ ሳይመለሱ አድርሻቸው!

ናታንያ12 · እሑድ ማታ

ሰላም ከናታንያ። ያ መንገድ ዮደንብሬስትራት ነው የሚባለው፤ የአይሁዳውያን ሰፊ ጎዳና ማለት ነው። ሬምብራንት አይሁዳዊ አልነበረም፤ ጎረቤቶቹ ግን ብዙዎቹ ከፖርቱጋልና ከስፔን ተሰደው የመጡ አይሁዶች ነበሩ። ራቢ ምናሴ ቤን እስራኤል የሰፈሩ ሰው ነበሩ፤ በ1655 ለጻፉት መጽሐፍ አራት ትንንሽ ኤቺንጎች ሠርቶላቸዋል። ትልቁ የፖርቱጋሎች ምኩራብ ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው ያየሁት።

እናቴን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ጎንደር ወለቃ የተወለደች ሸክላ ሠሪ ናት። ድስቶቹን አይታ "ይሄኛው በደንብ አልተተኮሰም" አለች። ወይናደጋ፣ ያንቺ አባትና የእኔ እናት አንድ ቀን አብረው ቢገቡ ሙዚየሙ ይዘጋል።

ቲኬት እንዴት ነው አሁን? እኔ ስሄድ ሰልፍ ነበረው።

ወይናደጋ · እሑድ ማታ

@ናታንያ12 ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት 😂 እናትሽን ሳሚልኝ። ቲኬት በኦንላይን ሰዓት ቀድማችሁ ያዙ። እዚህ አገር የምትኖሩ ሙዚየምካርት (የሙዚየሞች የዓመት መግቢያ ካርድ) ካላችሁ ይሠራል። ሜትሮው ዋተርሎፕላይን ላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ጥግ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሬምብራንትን ታላላቅ የዘይት ሥዕሎች እዚህ እንዳትጠብቁ። ለነሱ እዚያው አምስተርዳም ያለው ራይክስሙዚየም ሂዱ።

ቀበሌ_09 · ሰኞ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ፈረንጅ አገር ዞራችሁ አዲስ አበባን ረሳችኋት። ወይናደጋ፣ የአባትሽ አገር ሰው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌስ? በ1932 አንኮበር የተወለዱት፣ ከደብረ ብርሃን ቁልቁል ነው። ቪላ አልፋን ራሳቸው ናቸው የነደፉት፤ ቤታቸውም ስቱዲዮአቸውም ነበር። የጎንደርን ግንብ የሚያስታውስ ቤት ነው። መምህር ሳለሁ ተማሪዎች ይዤ ገብቼ አውቃለሁ። በሕይወት እያሉ እንግዳ የሚያስጎበኙት ራሳቸው ነበሩ። ካባቸውን ደርበው ወጡ፣ ልጆቹ ጸጥ አሉ። አንድ ጥግ የቆመ ልጅ ሥዕሉን ሳይሆን ጣሪያውን ሲያይ ያዙት። እንደሚቆጡት ነበር የጠበቅኩት። "ጎሽ፣ ጣሪያውም ሥራ ነው" አሉት።

በ2012 አረፉ። የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያላየ ሰው ካለ ሄዶ ይይ፤ እሱም ቤታቸው ነው ማለት ይቻላል።

ሽሮ_ፈሰስ · ሰኞ

ጋሼ፣ ይሄ ነው! እዚያ ወንበሩም የራሳቸው፣ ሰውየውም ራሳቸው። ገብረ ክርስቶስ ደስታስ? 6 ኪሎ በስማቸው ሙዚየም አላቸው።

ብሩሽና_ሻይ · ሰኞ

ሙዚየሙ በስማቸው ነው፣ ቤታቸው ግን አይደለም። ገብረ ክርስቶስ በስደት በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ነው ያረፉት። ሥዕሎቻቸው ከጀርመን ተመልሰው ነው እዚያ የተሰቀሉት። ሸራ ይመለሳል፤ የሠሩበት ክፍል ግን አይመለስም።

የእኔን ልንገራችሁ። ያስተማረኝ ሠዓሊ፣ ስሙ ይቅር፣ ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። ሞተ። ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ተጠርጎ ለሌላ ሰው ተከራየ። ብሩሾቹ በጆንያ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያገኘኋቸው። የቀለም ሰሌዳው ግን የለም። ግድግዳው ላይ ምን ተለጥፎ እንደነበር አሁን ተማሪዎቹ ተሰብስበን ስናወራ አንስማማም። እኔ የላሊበላ ፖስተር ነበር እላለሁ፣ ሌላው የቀን መቁጠሪያ ነው ይላል። አንድ የተናደደ አበዳሪ ገብቶ ቢመዘግብልን ምን ነበር?

ሽሮ_ፈሰስ · ሰኞ

እሺ ተረታሁ። ዝርዝሩ ይግደለኝ።

ወይናደጋ · ከሳምንት በኋላ

ሪፖርት! ዩትሬክት ሄድን። የ1626ቱ ሥዕል ካሰብኩት ያንሳል፣ ቀለሙ ግን ደማቅ ነው። ጃንደረባው ተንበርክኮ፣ ፊልጶስ ቆሞ፣ ከኋላ አጃቢዎቹና ፈረሶቹ። አንደኛው አገልጋይ ትልቅ መጽሐፍ ከፍቶ ይዟል። አባቴ ከባኮስ ይልቅ እሱን ነው ያየው። "ኢሳይያስን ነው የያዘለት፤ ጌታው ሲጠመቅ ገጹ እንዳይጠፋበት" አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያይ ባቡራችን አመለጠን።

ማክሰኞ ሸኘሁት። ትናንት ከደብረ ብርሃን ደወለ። ደብተር ገዝቶ የሥራ ቤቱን ዕቃ መመዝገብ ጀምሯል፣ ከበሩ ጀምሮ። አነበበልኝ፦ "መላጊያ ሦስት፣ አንዱ ምላሱ የወለቀ። መሮ ሰባት። ስኳድራ አንድ። ሞርሳ አንድ፣ የአባቴ።" ሃያ ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሷል። "ገንዘብህን የበሉትንም ጻፋቸው" አልኩት። ለነሱ ሌላ ደብተር ያስፈልጋል አለኝ።